ያለ ደመወዝ ማሠልጠን፦ ቫንስ ማኮርሚክና የአሜሪካ ኮሌጅ ኳስ የመጀመሪያ ዘመን

በ1894 መፀው፣ በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ግዛት በምትገኘው የካርላይል ከተማ፣ ቀድሞ የጦር ሠፈር በነበረ ግቢ ውስጥ፣ ቫንስ ማኮርሚክ የሚባሉ የ22 ዓመት ወጣት ከየነገዳቸው ተነጥለው የመጡ የነባር ሕዝቦች ልጆችን ኳስ ያሠለጥኑ ነበር። ማኮርሚክ በብረትና በባንክ ሥራ የበለጸገ የሃሪስበርግ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ በአገሪቱ አቻ ያልነበረው የዬል ዩኒቨርሲቲ ቡድን አምበል ነበሩ። ለሥልጠናው የጠየቁት ደመወዝ አልነበረም። ዛሬ በታላላቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ አሠልጣኝ በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር እንደሚከፈለው ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። በዚያ ዘመን ግን እንግዳ የነበረው ለአሠልጣኝ ደመወዝ መክፈሉ ነው። ነገሩ ለምን እንዲህ እንደነበረ ለመረዳት የጨዋታውን አመጣጥ፣ «አማተር» የሚለውን ሐሳብና የሀብትን ሚና አያይዞ ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአማርኛ እግር ኳስ ስንል በእግር የሚመታውን፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ጨዋታ ማለታችን ነው። የአሜሪካው ጨዋታ ስሙን ይጋራ እንጂ መልኩ ሌላ ነው፤ ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዞ እየሮጡ የተጋጣሚን የሜዳ ጫፍ የማለፍ ትግል ነው። የመጀመሪያው የኮሌጆች ግጥሚያ ተብሎ የሚጠቀሰው፣ ራትገርስና ፕሪንስተን በኅዳር ወር 1869 ያደረጉት ጨዋታ፣ በእያንዳንዱ ወገን 25 ሰው የተሰለፈበትና ገና ከእግር ኳስ ብዙም ያልራቀ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮሌጆቹ ወደ እንግሊዞች ራግቢ አዘነበሉ፤ ራግቢውን ደግሞ የራሳቸው ወደ ሆነ ጨዋታ የለወጡት በዋነኛነት የዬሉ ዋልተር ካምፕ ናቸው። በ1880 በእርሳቸው አሳሳቢነት የተሰላፊዎቹ ቁጥር ወደ 11 ወረደ፤ ኳሱም በሁለት ወገን ግፊያ መሐል መጣሉ ቀርቶ አንድ ቡድን ይዞት ጨዋታውን የሚጀምርበት ሥርዓት ተተከለ። ኳሱን ከመስመሩ ተቀብሎ ለጓደኞቹ የሚያድለው ሰው፣ ዛሬ በመላው ዓለም ኳርተርባክ የሚባለው፣ የተወለደው በዚያው ውሳኔ ነው። በ1882 ደግሞ ኳሱን የያዘ ቡድን በሦስት ሙከራ 5 ያርድ (አራት ሜትር ተኩል ያህል) ካልተራመደ ለተጋጣሚው እንዲያስረክብ ተደነገገ። ሜዳው በየ5 ያርዱ በኖራ መሠመሩም ከዚህ የመጣ ነው።

ጨዋታው በዚያ ዘመን ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ካልታወቀ የአሠልጣኙ ሥራም አይታወቅም። ኳስን ወደ ፊት መወርወር እስከ 1906 ድረስ የተከለከለ ስለነበር፣ 5 ያርድ የሚገኘው ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በመግፋት ነበር። ማኮርሚክ ራሳቸው የዚህን ዓይነት ጨዋታ ከፍተኛ መገለጫ በዓይናቸው አይተዋል። በ1892 ኅዳር ወር በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ዬልና ሃርቫርድ ሲጋጠሙ፣ ሃርቫርዶች ከዕረፍት በኋላ በሁለት ረድፍ ከሩቅ እየሮጡ መጥተው እንደ ሽብልቅ ገጥመው በአንዱ የዬል ተጫዋች ላይ ወረዱበት። «በራሪው ሽብልቅ» የተባለውን ይህን ዘዴ ያፈለቁት ሎሪን ዴላንድ የሚባሉ የቦስተን ነጋዴና የቼዝ አፍቃሪ ሲሆኑ፣ እርሳቸው እግር ኳስ ተጫውተው አያውቁም። ያም ሆኖ ዬል 6 ለ0 አሸነፈ። በዚያን ዕለት የዬል አምበል ማኮርሚክ ነበሩ። በዚያ ዓመት ዬል 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም ሲያሸንፍ 435 ነጥብ አስቆጥሮ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። ካርላይል የመጡት እንግዲህ የዚያን ቡድን ዕውቀት ይዘው ነው።

አሁን ወደ ደመወዙ ጥያቄ እንመለስ። በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ መጀመሪያ በታላላቆቹ ኮሌጆች፣ በተለይ በዬል፣ በሃርቫርድና በፕሪንስተን፣ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ቋሚ ዋና አሠልጣኝ አልነበረም። ቡድኑ የተማሪዎቹ ነበር፤ አሰላለፉን የሚወስነው፣ የሚቆጣውም የሚያበረታታውም በጓደኞቹ የተመረጠው አምበል ነው። በመፀው ወራት የቀድሞ ተጫዋቾች ከየሥራቸው ፈቃድ እየወሰዱ ወደ ትምህርት ቤታቸው ይመለሱና እያንዳንዱ በሚያውቀው ቦታ ታናናሾቹን ያሠለጥናል፤ የመስመር ተጫዋች የነበረው የመስመሩን፣ ኳርተርባክ የነበረው ኳርተርባኩን። ዋልተር ካምፕ እንኳ፣ የዬል ኳስ አባት እየተባሉ፣ ኑሯቸውን የሚመሩት በኒው ሄቨን የሰዓት ፋብሪካ ሠራተኛነት ነበር። ቀን ቀን ከፋብሪካው መውጣት ስላልተመቻቸው ልምምዱን ባለቤታቸው ወይዘሮ አሊስ እየተገኙ ይከታተሉላቸው፣ ማታ ማታም ተጫዋቾቹ ቤታቸው እየመጡ ይመካከሩ ነበር። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከማደንቃቸው ሰዎች አንዷ እኚህ ሴት ናቸው፤ ሜዳ ዳር ቆመው ያዩትን በትክክል ይዘው መመለስ ቀላል ሥራ አልነበረም።

የዚህ አሠራር መሠረት አማተርነት ነው። ቃሉ በጥሬው ወዳድ እንደ ማለት ሲሆን፣ ሐሳቡም ስፖርት ለስፖርቱ ፍቅር እንጂ ለእንጀራ መሆን የለበትም የሚል ነው። ሐሳቡን ለአሜሪካኖቹ ያወረሷቸው የእንግሊዝ መኳንንትና ባለሀብቶች ናቸው፤ እነርሱ ዘንድ ገንዘብ ተቀብሎ መጫወት የሠራተኛው መደብ ነገር፣ ለጨዋ ልጅ የማይመጥን ተደርጎ ይታይ ነበር። ሐሳቡ ውብ ገጽታ አለው፤ ሰው የሚወደውን ነገር ያለ ክፍያ ማስተማሩን ማንም ሊነቅፍ አይችልም። ሆኖም ሦስት ወር ሙሉ ያለ ክፍያ ለማስተማር ሦስቱን ወር የሚያኖር ሌላ ገቢ ያስፈልጋል። ስለዚህ የአማተርነት ሕግ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ሆኖ ቢጻፍም፣ ሊፈጽሙት የሚችሉት በአብዛኛው ገቢያቸው ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ አሠልጣኞች ከደህና ቤት የወጡ የሆኑበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ባለሀብት ቤተሰብ ለኳስ ልዩ ተሰጥኦ ስለነበረው አይደለም።

ማኮርሚክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ1872 በሃሪስበርግ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ሄንሪ ማኮርሚክ የብረት ማቅለጫ ባለቤት ነበሩ፤ አያታቸው የሕግ ባለሙያና የባንክ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ልጁ በመጀመሪያ በከተማው አካዳሚ፣ ቀጥሎ ለዬል ተማሪዎችን በማዘጋጀት በታወቀው የአንዶቨር አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻም በዬል የሳይንስ ኮሌጅ ተምረው በ1893 ተመረቁ። በ1892 ዋልተር ካምፕ በመረጡት የአገሪቱ ምርጥ አሥራ አንድ ውስጥ በኳርተርባክነት ተካትተዋል። ተመርቀው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው የቤተሰቡ ንብረት ነበር፤ ለዕለት ጉርስ ብለው የሚቀጠሩበት ምክንያት አልነበራቸውም። ካርላይል ከሃሪስበርግ በባቡር ቅርብ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ይህ ቅርበትና ነፃ ጊዜ ሲገጣጠሙ አንድ ደሀ ትምህርት ቤት በገንዘብ ሊቀጥረው የማይችለውን አሠልጣኝ አገኘ።

የትምህርት ቤቱ ጉዳይ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ አይደለም። የካርላይል የኢንዲያን (ነባር ሕዝቦቹ በዚያ ዘመን የሚጠሩበት ስም ነው) የሙያ ትምህርት ቤት በ1879 የተከፈተው በመኮንኑ ሪቻርድ ሄንሪ ፕራት ነው። ከመላው አሜሪካ ከነባር ሕዝቦች የተሰበሰቡ ልጆች ሲመጡ ፀጉራቸው ይቆረጣል፣ ልብሳቸው ይለወጣል፣ አዲስ ስም ይሰጣቸዋል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መናገርም ይከለከላሉ። ፕራት በ1892 ባደረጉት ንግግር ዓላማቸውን «ኢንዲያኑን ግደል፣ ሰውየውን አድን» በሚል አባባል ገልጸውታል። በቋንቋው ያደገ፣ ልጆቹም ቋንቋውን እንዲይዙለት የሚጨነቅ ሰው ሁሉ ይህን አባባል ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልገኝም። በግቢው ውስጥ በበሽታ ያለቁት ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከ180 በላይ የሚሆኑት እዚያው ተቀበሩ።

ፕራት እግር ኳስን አይወዱም ነበር። አንድ ተማሪ በአካባቢው ከሚገኘው የዲኪንሰን ኮሌጅ ጋር ሲጫወት እግሩ ከተሰበረ በኋላ ከውጭ ቡድን ጋር መጋጠምን ከለከሉ። ወደ 40 የሚሆኑ ወንዶች ተማሪዎች ግን ተሰብስበው ቢሯቸው ድረስ ሄዱና ከመካከላቸው አንደበተ ርቱዕ የሆነው ጉዳዩን አስረዳላቸው። ፕራት በኋላ በጻፉት ማስታወሻ እንደተረኩት፣ በሁለት ቅድመ ሁኔታ ፈቀዱ። አንደኛው፣ ተጋጣሚ ቢማታ እንኳ በቡጢ እንዳይመልሱ ነው፤ ቢመልሱ ተመልካቹ «አረመኔዎች» ይላቸዋልና። ሁለተኛው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአገሪቱ ታላቅ የሚባለውን ቡድን እንዲያሸንፉ ነው። የመጀመሪያውን ቅድመ ሁኔታ ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ የዬልና የሃርቫርድ ልጆች ሜዳ ላይ ሲደባደቡ የወንድነት ወግ ተብሎ ሲታለፍ፣ እነዚህ ልጆች ግን ተመትተው ዝም እንዲሉ የታዘዙት ስለ ዘራቸው የሚባለውን ሐሰት በትዕግሥታቸው እንዲያስተባብሉ ነው። በዚያው በ1894 በስፕሪንግፊልድ የዬልና የሃርቫርድ ጨዋታ እጅግ ደም የፈሰሰበት ስለነበር ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 1897 ድረስ ዳግም አልተጋጠሙም።

ማኮርሚክ ያገኟቸው ልጆች ፈጣኖችና ብርቱዎች ሲሆኑ የጨዋታውን ጥበብ ግን ገና አልቀሰሙም ነበር። በዚያ ዘመን ዋናው ትምህርት ዛሬ ተራ የሚመስል ነገር ነው፤ ያመለጠ ኳስ ላይ መውደቅ። ኳሱን ማጣት ጨዋታውን ማጣት ስለነበር፣ መሬት ላይ የሚንከባለለውን ኳስ ሳያመነቱ በሰውነት መሸፈንን ተጫዋቹ እንደ ደመ ነፍስ እስኪሆንለት ድረስ ይለማመደዋል። በካርላይል የሚተረክ አንድ ወግ አለ፤ አንድ ቀን ሜዳው ጭቃ ሆኖ ልጆቹ ለመውደቅ ሲያመነቱ፣ ማኮርሚክ የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ ኳሱ ላይ ተወርውረው ጭቃው ውስጥ ወደቁ ይባላል። በወጉ ውስጥ የሚታየኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሰውየው የምር ማስተማር ይፈልጉ እንደነበር ነው፤ ሌላው ልብሱ በጭቃ ቢበላሽ ሌላ ለማሠራት የማይቸገር ሰው መሆናቸው ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

የነፃው አገልግሎት ችግር የታየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1896 ካርላይልን ያሠለጠኑት ዊሊያም ሂኮክም የሃሪስበርግ ባለፋብሪካ ቤተሰብ ልጅ፣ እንደ ማኮርሚክም የዬል ተጫዋች የነበሩ ናቸው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ካርላይል በኒው ዮርክ ከዬል ጋር ተጋጠመ። በዚያ ዘመን ዳኞች ከራሳቸው ከኮሌጆቹ ሰዎች መካከል በስምምነት ይመረጡ ስለነበር ከዕለቱ ዳኞች አንዱ ራሳቸው ሂኮክ ሆኑ፤ የካርላይል አሠልጣኝ፣ የዬል ምሩቅ፣ በአንድ ራስ ዳኛ። ዬል 12 ለ6 እየመራ ሳለ አንድ የካርላይል ተጫዋች ከያዙት ሰዎች እጅ ተፈትልኮ ሮጦ መስመሩን አለፈ። ሂኮክ ግን ፊሽካውን ቀድሜ ነፍቻለሁ፣ ጨዋታው ቆሞ ነበር ብለው ነጥቡን ሻሩት። በዚያ ዘመን አንድ ታችዳውን፣ ማለትም ኳስ ይዞ የተጋጣሚን የሜዳ ጫፍ መስመር ማለፍ፣ 4 ነጥብ፣ ተከትላ የምትመታዋ ኳስ ደግሞ 2 ነጥብ ስለነበራቸው፣ ነጥቡ ቢጸድቅ ኖሮ ጨዋታው በአቻ የመጠናቀቅ ዕድል ነበረው። ተመልካቹ በቁጣ ጮኸ፤ ጋዜጦችም የተሻረው ነጥብ ትክክል ነበር ብለው ጻፉ። ሂኮክ ሆን ብለው አዳሉ ማለት አልችልም፤ የራሳቸውን ተማሪዎች ላለማዳላት ሲጠነቀቁ ወደ ሌላው ወገን ዘንበል ብለውም ሊሆን ይችላል። የሚታየው ግን ሥርዓቱ ምን ያህል በጥቂት ሰዎች እጅ እንደነበረ ነው። አሠልጣኙም፣ ዳኛውም፣ ሕግ አውጪውም አንድ ሰፈርና አንድ ትምህርት ቤት የወለዳቸው ወዳጆች ነበሩ፤ ካርላይል ከእነርሱ ዕውቀትን በነፃ ሲቀበል ፍርዱንም አብሮ መቀበል ነበረበት።

ፕራት በ1899 መንገድ ቀየሩ። ግሌን ዋርነር የሚባሉ፣ በቅጽል ስማቸው «ፖፕ» ተብለው የታወቁ አሠልጣኝን በ1,200 ዶላር ቀጠሩ። በዚያው ዓመት ካርላይል በጊዜው ከአራቱ ታላላቅ ቡድኖች አንዱ የነበረውን የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲን አሸነፈ፤ የፕራት ሁለተኛ ቅድመ ሁኔታም ተፈጸመ። ሌሎቹም ወደዚያው እየሄዱ ነበር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገና በ1892 አሞስ አሎንዞ ስታግን በ2,500 ዶላር ቀጥሮ የመምህርነት ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። ለአማተርነት ሲከራከር የኖረው ሃርቫርድ ራሱ በ1905 ለቢል ሪድ ከምሩቃኑ መዋጮ ጋር 7,000 ዶላር ሲከፍል፣ ይህ በዩኒቨርሲቲው ከማንኛውም ፕሮፌሰር ደመወዝ የሚበልጥ ነበር። የተከፋይ አሠልጣኝ ዘመን የመጣው ስለ ፍትሕ ታስቦ አይደለም፤ ማሸነፍ ገንዘብ ስላመጣ ነው። ይሁንና ሥራውን ከባለሀብት ልጆች መዳፍ አውጥቶ ለሙያተኛ ሰጠው።

ማኮርሚክ ከሜዳው ወጥተው ወደ ፖለቲካ ገቡ። በ1902፣ በ30 ዓመታቸው ገደማ፣ የሃሪስበርግ ከንቲባ ሆነው ከተማዋ መንገዷን የምታነጥፍበት፣ የመጠጥ ውኃዋን የምታጣራበትና መናፈሻ የምትዘረጋበትን ሥራ መርተዋል። ጋዜጣ አሳትመዋል፤ በ1914 ለግዛቱ አገረ ገዥነት ተወዳድረው ተሸንፈዋል፤ በ1916 የዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነው የፕሬዚዳንት ዊልሰንን የዳግም ምርጫ ዘመቻ በጠባብ ልዩነት ለድል አብቅተዋል። ዊልሰንም በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ መምህር በነበሩበት ጊዜ የኳስ ቡድኑን ያግዙ ስለነበር ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ አላጡም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጦርነት ጊዜ የንግድ ቦርድን መሩ፤ በ1919ም በፓሪስ የሰላም ጉባኤ የአሜሪካ አማካሪ ሆነው ተገኙ። በ1946 አረፉ። ካርላይል በዚህ ረጅም የሕይወት ታሪክ ውስጥ አጭር ምዕራፍ ብቻ ነው።

ለካርላይል ልጆች ግን አማተርነት እንዲህ በቀላሉ የሚተው ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ጨዋታዎቹን በብዛት የሚያደርገው በታላላቅ ከተሞች እየዞረ ነበር፤ ከመግቢያ ክፍያው የሚገኘው ድርሻም ለግቢው ሕንፃዎችና ለሌላ ወጪ ይውል ነበር። በ1914 የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ባደረጉት ምርመራ የስፖርቱ ገንዘብ በቂ ቁጥጥር ሳይደረግበት ሲወጣ እንደነበር ታወቀ፤ ዋርነርም ብዙም ሳይቆዩ ለቀቁ። ትምህርት ቤቱ በ1918 ተዘጋ።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ጂም ቶርፕ ነው። በ1911 ሃርቫርድን 18 ለ15 ያሸነፈው ቡድን አባል ነበር፤ በ1912 በስቶክሆልም ኦሎምፒክ በፔንታትሎንና በዴካትሎን፣ ማለትም አምስትና አሥር ዓይነት የአትሌቲክስ ውድድሮችን በሚያጣምሩ ፉክክሮች፣ ሁለት ወርቅ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት፣ ቶርፕ በ1909 እና በ1910 ክረምት በሰሜን ካሮላይና በአነስተኛ ሊግ ለጥቂት ዶላር ቤዝቦል ተጫውቶ እንደነበር በጋዜጣ ወጣ። በዕረፍት ወራቸው እንዲሁ የሚያደርጉ የኮሌጅ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ፤ ልዩነቱ እነርሱ በሐሰት ስም ሲጫወቱ ቶርፕ በራሱ ስም መጫወቱ ነው። ለአማተር ስፖርት ማኅበሩ በላከው ደብዳቤ ያደረገውን ሳይደብቅ አምኖ፣ ነውርነቱን የማያውቅ የትምህርት ቤት ልጅ እንደነበር ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። ማኮርሚክ ለማሠልጠን ገንዘብ ያልጠየቁት ስለማያስፈልጋቸው ነው፤ ቶርፕ የተቀበለው ስለሚያስፈልገው ነው። ሕጉ ሁለቱን በአንድ ሚዛን መዘነና ሜዳሊያዎቹን ነጠቀው። ቶርፕ በ1953 ሞተ። የሜዳሊያዎቹ ቅጂ በ1983 ለልጆቹ ተሰጠ፤ የሁለቱም ውድድሮች ብቸኛ አሸናፊ ተብሎ ስሙ የተመዘገበው ግን በሐምሌ 2022 ነው።